ስድስተኛው ዓምድ

ሰው የሚፈራው ረጅም ጥያቄ ነው። «የሕይወት ታሪክህን ጻፍ» ሲባል ወረቀቱን እያገላበጠ ይተክዛል፤ «አዎ ወይም አይደለም በል» ሲባል ግን እፎይ ይላል። እኔ የተገላቢጦሽ ነኝ። ረጅም መልስ ቢበላሽ መጠገኛ አያጣም፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ቢያነክስ ሌላው ይደግፈዋል። አዎ እና አይደለም ግን ደጋፊ የላቸውም። ብቻቸውን ይቆማሉ፤ ብቻቸውንም ሰው ያስይዛሉ።

ካላመናችሁኝ ሞክሩት። ቤታችሁ የመጣውን እንግዳ «ምሳ አልበላህም እንዴ?» በሉት። «አዎ» ይላችኋል። በላ ማለት ነው ወይስ አልበላም? እኛ ሆሳዕና ያደግን ሰዎች ደግሞ ነገሩ ይብስብናል። እቤታችን በአንድ ቋንቋ አስበን መሥሪያ ቤት በሌላው የምንመልስ ስለሆንን፣ መንገድ ላይ የተገለበጠችውን «አዎ» ማን አቅንቶ ያስገባታል?

ይህን ሁሉ ያስታወሰችኝ ልጄ ናት። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው። ባለፈው ልትጠይቀኝ መጥታ ሥራ ቦታዋ የደረሰባትን እየሳቀች አጫወተችኝ። ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያነበው «ኮንፊግ» የሚባል ፋይል አለ አሉ፤ ይህን አድርግ፣ ያንን አታድርግ የሚል። «ለደንበኞች መልእክት ይላክ?» ከሚለው ጎን ልጄ «ፎልስ» ብላ ጻፈች፤ አይላክ ማለቷ ነው። ፕሮግራሙ ግን ቃሉ ምን እንደሚል አላየም። ያየው አንድ ነገር መጻፉን ብቻ ነው። ባዶ ካልሆነ አዎ ነው ብሎ የሙከራውን መልእክት ለደንበኛ ሁሉ በተነው። «አሁን ግን አስተካከልነው እማዬ» አለችኝ። «ከሁለቱ ከምናውቃቸው ቃላት ሌላ ካገኘ አልነሣም ብሎ እንዲቆም አደረግነው። ካልገባው ይቁም እንጂ አይገምት።»

እሷ ትስቃለች። እኔ ግን የያዝኩትን ሲኒ አስቀመጥኩ። ምን ሆንሽ አለችኝ። ይኸውላችሁ፣ ለእሷ የነገርኳትን ነው ለእናንተም የምነግራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ሆሳዕና ውስጥ ስሙን በማልጠራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ ልጁ የመንግሥት ወንበር ላይ በመቀመጧ የሚኮራውን ያህል ይፈራላት ነበር። መሥሪያ ቤታችን ዱራሜ፣ ዳምቦያና ሀደሮ ቅርንጫፍ ነበረው። ሁላችንም ተደምረን አርባ አንድ ሠራተኞች ነን። የሠራተኛ አስተዳደሩ ሹም ጋሼ ላምቤቦ ይባላሉ፤ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ የመነጽራቸውን ክንድ በክር ያሰሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት፣ ከአዲስ አበባ፣ ሠንጠረዥ መጣ። የሠራተኞች ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ መደብ እያለ ይወርድና ስድስተኛው ዓምድ ላይ ሲደርስ እንዲህ ይላል፦ «ከፀረ አብዮት ኃይሎች ጋር ግንኙነት የሌለው መሆኑ።» ከሥሩ በቅንፍ፣ «አዎ ወይም አይደለም።» ሌላ ማብራሪያ የለውም።

እስቲ ያንን ዘመን የምታውቁ ሰዎች ፍረዱኝ። ሰው ስሙን ከ«ፀረ አብዮት» ጋር በአንድ መስመር ላይ ሲያየው የቀረውን ቃል ያነባል? አያነብም። ሆዱ ነው የሚያነብለት። ሆዱም «አይደለም፣ አይደለም» ይለዋል። ዳምቦያ ስድስቱም ሠራተኞች አይደለም ብለው ላኩ። ሀደሮዎች አምስቱም ባዶውን ተዉት፤ ከመናገር ዝምታ ይሻላል ብለው ይመስለኛል። ሆሳዕና ያለነው አሥራ ስምንታችን ጋሼ ላምቤቦ ራሳቸው በእርሳስ የራይት ምልክት አድርገውብናል። ከዱራሜ አሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ አይደለም ሲሉ፣ አንዱ ብቻ ጉልህ አድርጎ፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ፣ «አዎ» ብሏል።

ይኸ ሰው የንብረት ክፍሉ አቶ አኑሎ ነው። አቶ አኑሎ ፕሮቴስታንት ነበር። የጸሎት ቤታቸው በተዘጋ ሰሞን ተይዞ አራት ወር ታስሮ ተፈትቷል። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሲጠራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ጋሼ፣ አራት ዓይነት ነው የመጣው፤ እንዴት ልምታው?» አልኳቸው።

«አንድ ዓይነት አድርጊው፣ ልጄ» አሉኝ ራሳቸውን ሳያነሱ። «ሁላችንም ንጹሕ ነን።»

አንድ ዓይነት አደረግኩታ። ታይፒስት ፊደል ነው የምታነበው እንጂ ነገር አታነብም። ራይቱንም ባዶውንም ወደ «አይደለም» ለወጥኩት። የአቶ አኑሎ ላይ ስደርስ ጣቶቼ ቆሙ። ይኸ ሰው እንደገና ሊታሰር ነው፤ በገዛ እጁ «አዎ» ብሎ አመነ፤ ልጆቹስ ብዬ አዘንኩለት። ግራ ቀኝ አይቼ፣ በዕድሜዬ የመጀመሪያዋን ማጭበርበር ሠራሁ። «አይደለም» ብዬ መታሁለት። ነፍስ ያዳንኩ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ሲቀለኝ ዋለ።

ኃላፊያችን ጓድ ግርማ መኪናው ተነሥቶ እየጠበቀው፣ ቆሞ ፈረመ። ማኅተም ተደረገ። በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ፖስታው ወደ አዲስ አበባ፣ ጓድ ግርማም ለአሥር ቀን ስብሰባ ወደዚያው ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የካርቦኑን ቅጂ ፋይል ላደርግ ስል ነው ርዕሱን ያየሁት። ያየሁት ስል ያነበብኩት ማለቴ ነው። «ግንኙነት የሌለው መሆኑ።» ጣቴን ወደታች ሰደድኩ። «አይደለም። አይደለም። አይደለም።» ግንኙነት የሌለው አይደለም። ማለት ግንኙነት አለው። አርባ አንድ ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ ጓድ ግርማን ጨምሮ፣ ፀረ አብዮት ነን ብለን ፈርመን፣ አትመን፣ በመንግሥት ፖስታ ልከናል። ትክክለኛውን መልስ የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱንም እኔ ሰርዤዋለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ጋሼ ላምቤቦ ዘንድ ገባሁ። አነበቡት። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ደግመው አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ዘነበች፣ በሩን ዝጊው።»

ዘጋሁት።

«ማስተካከያ እንጻፍ ጋሼ። ስህተት ነው እንበል።»

«አንድ ሰው ቢሆን ስህተት ይባላል» አሉ። «አርባ አንድ ሰው ከሆነ አሻጥር ይባላል። አሻጥር ከተባለ ደግሞ ማን ሠራው ይባላል። የመታሽው አንቺ፣ ያዘዝኩት እኔ።»

በሠፈራችን ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አንድ የሒሳብ አስተማሪ «ለአንዲት ጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ከክፍል ወጥቶ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ግማሽ የሠራው ሒሳብ አሥራ አምስት ቀን ሳይጠፋ እንደቆየ ተማሪዎቹ ነግረውኛል። ስለዚህ የሚቀጥሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኩ እናንተው አስቡት። የመንግሥት ታርጋ ያላት መኪና በሱቃችን ፊት ባለፈች ቁጥር ወደ ጓዳ እገባለሁ። አባቴ «አመመሽ?» ይለኛል፤ «አዎ» እለዋለሁ። ሲነጋ ደህና ሆኜ ሳይሆን፣ እቤት ብቀር ያስጠረጥረኛል ብዬ ሥራ እገባለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እኔ ግን የፈራሁት ባለመድረሱ እየተሰቃየሁ ነበር። ቢደርስ ኖሮ ቢያንስ መጠበቁ ይቀርልኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለጋሼ ላምቤቦ፣ «አቶ አኑሎ ማወቅ አለበት» አልኳቸው። ከሁላችን አስቀድሞ የሚያዘው እሱ ነው፤ ፋይሉ ላይ አራት ወር ተጽፏል። ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ንብረት ለማመሳከር» የሚል መሸኛ ጻፉልኝ። የጽሕፈት መሣሪያ በጫነ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ዱራሜ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ሀምበርቾ ተራራ ከፊቴ ነበር፤ እኔ ግን የማየው ኬላ ኬላውን ነው።

አቶ አኑሎን መጋዘኑ ውስጥ የማዳበሪያ ከረጢት ሲያስደረድር አገኘሁት። ተሸካሚዎቹ እስኪወጡ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት። አልጮኸም። ከረጢት ላይ ተቀመጠ።

«እኔ አዎ ያልኩትን አንቺ አይደለም አልሽው?»

«ያድንዎታል ብዬ ነው።»

እኔ የሚሰድበኝ መስሎኝ ስጠብቅ፣ ስለ እስሩ ያወራኝ ጀመር።

«የያዙኝ ቀን የጠየቁኝ፣ አንተ ፀረ አብዮት አይደለህም? ብለው ነው። አዎ አልኩ። አዎ፣ አይደለሁም ማለቴ ነው። የሚጽፈው ሰው አዎዋን ብቻ ጻፋት። አይደለሁም የምትለዋን ልጨምር ስል በቃህ አሉኝ። አራት ወር የታሰርኩባት ይህቺ ናት።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ደርሶብዎት እንደገና አዎ ይጽፋሉ?»

«አራት ጊዜ አነበብኩት፣ እህቴ። ትክክሉ አዎ ነው። ውሸት ልጻፍ?»

ተነሥቶ ወደ መደርደሪያው ወሰደኝ። በየመደርደሪያው ላይ ካርቶን ተለጥፏል። «ማዳበሪያ አለ።» «የበቆሎ ዘር የለም።» «ባዶ ከረጢት አለ።»

«እዚህ ቤት አለ ብቻ ተብሎ አይጻፍም» አለኝ። «ምን አለ? አይጥም አለ። አሁንም አዎም አይደለምም አትበይ። ነገሩን ሙሉውን ጻፊው፤ ርዕሱ ቢጠፋ እንኳ ለብቻው የሚቆም ይሁን።»

ተመልሼ ከጋሼ ላምቤቦ ጋር፣ በጸጥታ በአሮጌው ቦታ እንድንተካው ሠንጠረዡን አዲስ መታነው። በያንዳንዱ ስም አንጻር «ከፀረ አብዮት ኃይሎች ጋር ግንኙነት የለውም» ብዬ፣ አርባ አንድ ጊዜ። ዓምዱ ጠባብ ስለሆነ ለአንድ ሰው ሦስት መስመር ፈጀ። በዕድሜዬ እንደዚያ ፊደል እየቆጠርኩ መትቼ አላውቅም። የቀረን የጓድ ግርማ ፊርማ ብቻ ነው። እንግዲህ ጓድ ግርማን ማን ይንገረው? ለእሱ መንገር ማለት «ፀረ አብዮት ነኝ ብለህ ፈርመሃል» ማለት ነው።

ከስብሰባው የተመለሰ ዕለት ሁለታችንም ገባን። ጋሼ ላምቤቦ፣ «ዓምዱ ስለጠበበ በድጋሚ አሳምረነዋል፤ ይፈርሙበት» አሉ። ጓድ ግርማ ብዕሩን አነሣ። ምን እንደነካው አላውቅም፣ በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመፈረሙ በፊት ማንበብ ጀመረ።

«የፊተኛውስ ምን ነበር?» አለ።

ጋሼ ላምቤቦ ካርቦኑን ሰጡት። በቀይ ብዕር ሰው ሲያስፈራራ የኖረው ሰውዬ ርዕሱን አነበበና ጣቱን ወደ መጀመሪያው ስም፣ ወደ ራሱ ስም አወረደ። «አይደለም።» ተነሥቶ በሩን ራሱ ዘጋው። ወደ ወንበሩ ሲመለስ ለመቀመጥ መጀመሪያ በእጁ ፈለገው። ያን ጊዜ ነው ጓድ ግርማም እንደኛ ሚስትና ልጆች እንዳሉት የታሰበኝ።

«ከሦስታችን ሌላ ይህን ማን ያውቃል?»

«ማንም» አልኩ። ሁለተኛዋ ማጭበርበሬ ናት።

ፈረመ። ፊርማው የእሱ አይመስልም ነበር። «ሁለታችሁም ነገ ሂዱና ለውጡት። አሮጌውን ሳትይዙ እንዳትመጡ» አለን።

በማግስቱ ማታ አዲስ አበባ ደርሰን ዘመድ ዘንድ አደርን። ጠዋት የበላይ መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወጣን። ዝርዝሮቹን የሚመረምረው ሹም ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ቆሎ እየቆረጠመ ቀይ እርሳስ የሚቀርጽ፣ ሰላምተኛ ሰው ነው። ከየት እንደመጣን ስንነግረው ከክምሩ ውስጥ ፈልጎ የእኛን አወጣ። ጋሼ ላምቤቦ ክንዴን ያዙኝ።

«የእናንተማ አልቋል» አለን ፈገግ ብሎ። ከግርጌው በቀይ «ታይቷል፤ ንጹሕ» ተብሎ ተጽፏል። «ሁሉም አይደለም። እንዴት ያለ ደስ የሚል ዝርዝር ነው።»

ጆሮዬን አላመንኩትም። እሱ ግን ጨዋታ ወድዶ ሌላ ወረቀት ሳበ። የየት አገር እንደሆነ አላሳየንም። ሠላሳ የሚሆን «አይደለም» ተደርድሮ፣ መሀል ላይ አንዲት «አዎ» በቀይ ተከብባለች።

«ይኸኛው ግን በገዛ እጁ አመነ» አለ። «ትናንት እንዲያዝ ጽፈናል።»

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። አቶ አኑሎ የጻፈውን ሳልነካው ብልከው ኖሮ ያቺ ቀይ ክብ የእሱ ነበረች። በስህተቴ አድኜዋለሁ። አንድ ቦታ ደግሞ፣ እንደሱ አራት ጊዜ ያነበበና ውሸት አልጽፍም ያለ ሌላ ሰው አለ። እሱ ግን የምታጭበረብርለት ታይፒስት አላገኘም።

አፌ ሳላዘው ተከፈተ። «ጓድ፣ ሰውየው... ምናልባት ርዕሱን አንብቦ ይሆናል።»

ሹሙ ቆሎውን አቆመ። «ርዕሱን ማን ያነባል?» አለኝ። ከልቡ ገርሞት ነው የጠየቀኝ። ከዚያ ዓይኑ ጠበብ አለ። «ምን ማለትሽ ነው?»

ጋሼ ላምቤቦ እግሬን ረገጡኝ። እኔም በዚያች ቅጽበት ሒሳቡ ገባኝ። ርዕሱን እንዲያነብ ካደረግኩት ያ ሰው ይተርፋል፤ ያን ጊዜ ግን «ንጹሕ» ያለን ቀይ እርሳስ ተመልሶ አርባ አንድ ጊዜ ይከብበናል። አዲሱ ዝርዝር ብብቴ ሥር ነበር። ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ እውነት፣ ጥርት ያለ። ላወጣው እችል ነበር። ሹሙ ግን የፊተኛው ምን ስለነበር ነው ይህ የመጣው ብሎ ይጠይቃል።

«ምንም፣ ጓድ» አልኩ።

«ለመሆኑ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?»

«ደርሷል አልደረሰም ብለን ነው» አሉ ጋሼ ላምቤቦ።

«ደርሷል።»

ደረጃውን ስንወርድ ጋሼ ላምቤቦ «ዝም አይነቅዝም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ዝም አይነቅዝም። እንደማይበሰብስ ነገር እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ያለው ለዚያ ይመስለኛል። ጓድ ግርማ አሮጌውን ይዘን ባንመጣም «ንጹሕ» መባላችንን ሲሰማ አልተቆጣም። ካርቦኑንና አዲሱን ዝርዝር አንድ ላይ አስቃጠለኝ። አመዱ ተመሳሳይ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት አቶ አኑሎ ለሥራ ሆሳዕና ሲመጣ በረንዳው ላይ ጠብቄ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ደስ ይለዋል፣ ምናልባትም ያመሰግነኛል ብዬ ነበር፤ ምን ልዋሻችሁ። እሱ ግን ስለ ራሱ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ።

«ያ ሰውዬ ስሙ ማነው?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ወረቀቱ ላይ አልነበረም?»

ነበረ። ከቀዩ ክብ በስተግራ፣ በጉልህ ተጽፎ፣ ዓይኔ ሥር ነበረ። «ልጸልይለት ነው ስሙን የፈለግኩት» አለኝ። እኔ ግን ስሙን ካነበብኩት አብሮኝ ይኖራል ብዬ ፈርቼ ዓይኔን ዘወር አድርጌ ነበር። ሳላነበውም አብሮኝ ኖረ።